መርማሪ ባለማወቁ ይጠየቃልን?

ሰው በገዛ እጁ ባልሠራው ቤት ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ ለመተኛት የሚደፍረው፣ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ዐይኑን ገልጦ አይቶልኛል ብሎ ስለሚያምን ነው። በአርማታው ውስጥ የተቀበረውን ፌሮ፣ ከመሬት በታች የተጣለውን መሠረት፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሶሌታ ባለቤቱም ሆነ ተከራዩ አያየውም፤ ያየው ቢኖር በቢሮ ተቀምጦ ፕላኑን መስመር በመስመር ያነበበው መርማሪና ኮንክሪቱ ሳይፈስ በግንባታው ስፍራ ቆሞ የፈተሸው ተቆጣጣሪ ናቸው። እንግዲህ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፊርማ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቁ ብዙ ነፍሳት የተገባ ቃል ኪዳን ነው። ጉቦ ተቀብሎ ወይም በክፋት ተነሣሥቶ ጐደሎውን ሙሉ ነው ብሎ የፈረመ ሰው በደለኛ ስለ መሆኑ የሚከራከር የለም። ይህ ጽሑፍ ሊመረምር የተነሣው ከዚያ ይልቅ የሚከብደውን ጥያቄ ነው፤ መርማሪው እጁ ንጹሕ ልቡም ቅን ሆኖ ሳለ፣ ጉድለቱን ያሳለፈው ስላላወቀ ብቻ ቢሆን፣ በእግዚአብሔርና በሕሊና ፊት ይጠየቃልን?

ለዚህ ጥያቄ ከእንጦጦ ራጉኤል ደብር የሚቀርብ ስፍራ አይገኝም። ከዚያ ከፍታ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከዚሁ ተራራ ወርደው በ1879 ዓ.ም. የቈረቈሯት ከተማ ፎቅ በፎቅ ላይ ስትደርብ ያያል፤ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም በብዙ ጅምር ሕንፃዎች ዙሪያ የግንበኞች መወጣጫ ሆኖ ቆሞ ይታያል። ንጉሡንና እቴጌይቱን ወደ ሜዳው የሳበው የፍል ውሃ ምንጭ ለሥጋ ፈውስ ተብሎ ተወደደ፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ውሃው የሚፈልቀው ምድር በተሰነጠቀችበት መስመር ላይ መሆኑን፣ አዲስ አበባም በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ መቀመጧን ያስረዳሉ። ደብሩ የተሰየመበት ሊቀ መላእክት ደግሞ፣ ሙሉው ንባብ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በቈየልን በመጽሐፈ ሄኖክ፣ በምዕራፍ 20፣ የብርሃናትን ዓለም የሚበቀል ተብሎ ተጽፏል። ይህን ስናስተውለው፣ ለሌላው ያበሩ ዘንድ የተሾሙት ራሳቸው ስለ ሹመታቸው የሚጠይቃቸው እንዳለ እንረዳለን፤ ጠባቂውም ተጠባቂ፣ መርማሪውም ተመርማሪ ነው ማለት ነው።

ኦሪት ስለ ቤት ሥራ ዝም አላለችም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቍጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ የዚያ አገር ጣራ ጠፍጣፋ ነበረና፣ ሰውም በላዩ ይመላለስ ነበርና፣ ከዚያ የሚወድቅ ሰው ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከዚህ ቀደም ብሎ ባወጣው ሕግ፣ ቤቱ ፈርሶ ባለቤቱን የገደለ እንደ ሆነ አናጺው ይገደል ብሎ ነበር። የሐሙራቢ ሕግ ሰው ከሞተ በኋላ የሚነሣ በቀል ሲሆን፣ የሙሴ ሕግ ግን ማንም ሳይወድቅና ማንም ሳይከስስ፣ ገና ግድግዳው በሚነሣበት ሰዓት መጥቶ መከታው የታለ ብሎ የሚጠይቅ ነው። የሕንፃ ተቆጣጣሪ ሥራ በሙሉ በዚህች አንዲት ትእዛዝ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ሙሴ ሁሉን ጥፋት በአንድ ሚዛን አልመዘነም። እንጨት ሲቈርጥ የምሣሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት እንዲኖር ፈቀደለት፤ በሬው ሰው ወግቶ የገደለበትን ባለቤት ግን፣ በሬው ቀድሞ ተዋጊ እንደ ነበረና ባለቤቱም ተነግሮት እንዳልጠበቀው በተረጋገጠ ጊዜ ሞት ፈረደበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህም የሚጠልቀው ነገር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ይገኛል፤ ባለማወቅ የተሠራ ኃጢአት መሥዋዕት እንደሚያስፈልገው ከተናገረ በኋላ፣ ለተቀባው ካህን ወይፈን፣ ለአለቃው ተባዕት ፍየል፣ ከሕዝቡ ወገን ለሆነው አንድ ሰው እንስት ፍየል ወይም እንስት በግ መደበ። አለማወቁ በሁሉም ዘንድ አንድ ዐይነት ሲሆን ዕዳው ግን በመዓርግ መጠን ከፍ ይላል። ሥልጣን የተቀበለ ሰው ከሥልጣኑ ጋራ የማወቅን ግዴታ ተቀብሏልና፣ አላወቅሁም ማለቱ ከጥያቄ አያድነውም።

ይህ ፍርድ በዘመናችን ይበልጥ የሚከብደው፣ ዕውቀት ራሱ የሚታደስ በመሆኑ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው የሕንፃ ደንብ መለኪያ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ኃይል ያሰላው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ በተገመተው መጠን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን መለኪያ መሠረት አድርጎ የተሻሻለው ደንብ ግን 475 ዓመትን ወሰደ፤ ይህም በ50 ዓመት ውስጥ ከዐሥር አንድ የመድረስ ዕድል ያለው መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ለባለሙያው ይህ የቍጥር ለውጥ ብቻ አይደለም። ኮለኑ ከቢሙ ይልቅ ብርቱ መሆን እንዳለበት፣ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት አጠገብ ስታፋው፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ መቀራረብ እንደሚገባው፣ የስታፋውም ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ እንዳይቀር፣ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ እምብርት መግባት እንዳለበት፣ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ ያልተደረገለት ምድር ቤት ከላይ የተጫነውን ፎቅ ሁሉ በደካማ እግር እንደሚሸከም ያላወቀ መርማሪ፣ በቀድሞው መጽሐፍ ትክክል የነበረውን ፕላን ዛሬም ትክክል ነው ብሎ ያሳልፋል፤ ይህንም የሚያደርገው ሳይዋሽ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ኃላፊነትን ያለ ባለቤት አልተወም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጽናት እስከ ዐሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን፣ ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣው ጉዳት እንኳ እንዲጠየቅ አድርጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ቁመታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጡትንና ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉትን በከፍተኛው ምድብ አስቀመጠ፤ ፈቃድ የሚሰጥና ሥራውን የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹምም አቆመ። ነገር ግን ሹሙ የተሾመበትን ነገር ጠንቅቆ ይማር ዘንድ መምህር ካልቆመለት፣ አዋጁ በደንብ በተጻፈ ወረቀት ላይ የተቀመጠ መልካም ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ምድርም ምስክርነቷን አልከለከለችንም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጥናት ማዕከልን ያቋቋሙት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ካህኑ የምድርን መናወጥ በመቍጠር ያሳለፉት ዕድሜ ከክህነታቸው ውጭ የሆነ ሥራ አልነበረም፤ የሰውን ሕይወት መጠበቅ ነበርና። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ከአዋሽ ፈንታሌ ወገን የተነሣው፣ በመለኪያው ወደ 5.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ የተኙትን ሁሉ ባነቃ ጊዜ፣ ማስጠንቀቂያው ለእኛም ደረሰ። በሬው ተዋጊ መሆኑ እንግዲህ ተነግሮናል።

የመጣው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፣ ቀኑ የደረሰበትን ማን ያድነዋል የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ እነዚያ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አለመሆናቸውን አስረድቷል። በዚህ ቃል ከሟቾቹ ላይ ነቀፋው ተነሣ፤ ግንቡን ያነጹትንና የጠበቁትን ግን ነጻ ያወጣ አንድ ፊደል አናገኝበትም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም፣ በእመቤታችን በዓል፣ በመሠራት ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ምእመናን ሲሞቱ፣ የሞቱት ለጸሎት የመጡ ነበሩ። ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። የስፍራው ቅድስና ለእንጨት ያልተሰጠውን ኃይል አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ስፍራው በተቀደሰ መጠን፣ የሚሰበሰበው ሕዝብም በበዛ መጠን፣ የመመርመሩ ግዴታ ይበልጥ ይጠብቃል። ለእግዚአብሔር የሚሠራ ቤት ከምርመራ ነጻ ይሁን ማለት፣ ለመሥዋዕት ነውር የሌለበትን እንስሳ የጠየቀውን አምላክ አለማወቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አለማወቅን በሦስት መክፈል እንችላለን። የመጀመሪያው ሊቃውንቱም ገና ያልደረሱበት ነገር ነው፤ ይህ እንደ ወለቀው ምሣር ነውና መማፀኛ አለው። ሁለተኛው ዕውቀቱ እያለ ለመርማሪው ያልተነገረው ነው፤ በዚህ ጊዜ ዕዳው ሳያስተምር የሾመውን አለቃ ይከተላል፤ መርማሪውም የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ባለመናገሩና ባለመጠየቁ ይካፈለዋል። ሦስተኛው ተነግሮት፣ መጽሐፉም በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለት ሳያነብ የቀረው ነው፤ ይህ አለማወቅ ተብሎ ይጠራ እንጂ በእውነቱ ቸልተኝነት ነው። በ2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ሲያልቁ፣ ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ እንደዚህ ያለውን ሞት ድንገተኛ ማለት አይቻልም። ቱርክም እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ቤቶች በክፍያ ምሕረት ሰጠች፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ምድር በተናወጠች ጊዜ በዚያች አገር ከ50,000 በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ቅጣትን ይቅር ማለት ይችላል፤ ክብደት ግን ይቅርታ አያውቅም።

ስለዚህ የመርማሪዎችና የተቆጣጣሪዎች ትምህርት እንደ በጎ ፈቃድ የሚቈጠር ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የሹመቱ አካል ሊሆን ይገባዋል። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ሲስት ይታረማል፤ ደግሞ ያነባል፤ በሊቃውንት ፊት ሳያስመሰክርም ወንበር አይዘረጋም። ወጣቱም የፕላን መርማሪ እንዲሁ በአረጋዊ መሐንዲስ ፊት ፕላን እያነበበ ሊታረም፣ ፌሮው በታሰረበት ስፍራ ወርዶ ስታፋ በእጁ ሊቈጥር፣ ደንቡ በተለወጠ ቍጥርም እንደ ገና ሊያስመሰክር ይገባል። ይህ እንዲሆን ደግሞ የሚማርበት ጊዜና የሚበቃ ደመወዝ፣ ሐሰት ሆኖ ያገኘውን ሐሰት ነው ብሎ ሲመልስም ከኋላው የሚቆም አለቃ ያስፈልገዋል። ሳያስተምሩ የሾሙትን ሰው በስሕተቱ ቀን ብቻ ፈልጎ መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ አዎን፣ መርማሪ ባለማወቁ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ብቻውን አይጠየቅም፤ ሳያስተምረው የሾመውም፣ የሚያውቀውን ሳያካፍለው የቀረውም ባልንጀራ፣ ቶሎ ይፈረምልኝ ብሎ ያስጨነቀውም ባለ ሕንፃ ከእርሱ ጋራ ይቆማሉ። በሹመት ላይ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ደንቡን ባሳተማችሁበት ዓመት መምህራኑንም አዘጋጁ። መሐንዲሶች ሆይ፣ በዕድሜ ያከማቻችሁትን ዕውቀት ከእናንተ ጋራ ወደ መቃብር አትውሰዱት። ቤተ ክርስቲያን የምታሳንጹ የሰበካ ጉባኤ አባላትም፣ መሠረት ስትጥሉ ጳጳሱን እንደምትጠሩ ሁሉ መርማሪውንም ጥሩ፤ አይሆንም ያላችሁ እንደ ሆነም አመስግኑት፤ የልጆቻችሁን ሕይወት ጠብቆላችኋልና።