የወረቀት ኩባያስ ጡር አለው?

እንጀራ መርገጥ ጡር አለው። የተጫነ አህያ መደብደብ ጡር አለው። እኛ ቤት ይህ ክርክር አያሻውም ነበር። ሲያትል መጥቼ አየር ማረፊያ ውስጥ ቡና መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ የወረቀት ኩባያስ?

መንገደኛው ማኪያቶውን ይቀበላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ጥቂት ይጎነጫል፣ ይጥላል። ስኒ ቢሆን ታጥቦ ለአቦል፣ ለቶና፣ ለበረካ፣ ሲተርፍም ለጎረቤት ድግስ በደረሰ ነበር። ይህ ኩባያ ከዛፍ ተሠርቶ፣ ቡናው እንዳያርሰው ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ተለብጦ የሚመጣው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፕላስቲኩን ከወረቀቱ መለየት ስለሚያስቸግር ብዙ ከተሞች አይቀበሉትም። ሲያትል ትቀበላለች፤ ባዶና ንጹሕ ከሆነ ከየቤቱ ደጃፍ ከሚነሣው የሪሳይክል በርሜል ይገባል።

አንዳንድ ወዳጆቼ በርሜሉን እንደ ንስሐ አባት ያዩታል፤ ጣልኩ፣ ተፈታሁ። የእኔ የንስሐ አባት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁኝም፤ «ነገስ ልትደግሚው ነው?» ይሉኛል። ወረቀቱም ቢሆን በታደሰ ቁጥር ቃጫው እያጠረ ስለሚሄድ ለዘላለም አይታደስም።

ሕግ የቆሻሻ አጣጣልን ነገር ሊፈታው ሞክሯል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የምግብ ትራፊ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ከለከለች። ቆሻሻ አንሺዎች ወደ በርሜሉ እንዲመለከቱ፣ ከይዘቱ ከ10 በመቶ በላይ ምግብ የተገኘበት ቤትም አንድ ዶላር እንዲቀጣ ታስቦ ነበር። በ2016 አንዲት ዳኛ የሰውን ቆሻሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መበርበር የግል ሕይወትን መድፈር ነው ብለው አገዱት። ፍርዱ ልክ ይመስለኛል። የእኛ ሰው ደግሞ ዳኛ የማይገባበትን ቦታ ለጡር ትቶታል፤ ማንም ባያይ እንኳ የሚጠይቅ አለ ብሎ ያምናል።

ታዲያ የሚጠየቀው ስለ ማን ነው? ኩባያው ነፍስ የለውም፣ አይከፋውም። የሚከፋው ከእኔ በኋላ የሚነካው ሰው ነው። መለያ ጣቢያው ማሽን ቢኖረውም፣ ጓንት ያጠለቁ ሠራተኞች ከሚሄደው ቆሻሻ ላይ በእጃቸው ይለቅማሉ። ግማሽ ማኪያቶ የቀረበት ኩባያ አጠገቡ ያለውን ደረቅ ወረቀት ያበላሻል፤ የእነሱንም እጅ ያጨቀያል። አዲስ አበባ እያለሁ «ቆራሌው!» እያለ የሚመጣውን ሰው ፊቱን እናውቀው ነበር፤ የተሰበረ ጠርሙስ ብንሰጠው እጁ ሲደማ የምናየው እኛው ነበርን። እዚህ የመኪናው ክንድ በርሜሉን አንሥቶ ይገለብጠዋል፤ ሰው አይታይም። አለመታየት ግን አለመኖር አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የከተማው ጥራጊ በማን ቤት አናት ላይ ሲከመር እንደኖረ ብዙዎቻችን ያስታወስነው ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኩባያዬን አለቀልቃለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ቡና በወረቀት ኩባያ አጠጥቼ ይህን ሳደርግ ያዩኝ አንዲት እናት፣ «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ወረቀት ይታጠባል? ውሃውስ ጡር የለውም?» አሉኝ።

«አለው እማማ። ለዚህ ነው ዕቃ ታጥቦበት በተረፈው ውሃ የማለቀልቀው።»

«ካጠብሽማ አይቀር፣ ለምን ከመነሻው በስኒ አታጠጪንም?»

የሪሳይክልን ነገር በሙሉ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ለሚጠጣው መቶ ለሚሆን ሕዝብ ስኒ ይገዛ ብዬ ለማኅበራችን ሐሳብ አቀረብኩ። በገንዘቡ ማንም አልተከራከረም፤ ክርክሩ የተነሣው «ማን ያጥባል?» ሲባል ነው። ያኔ ጡሩ የት እንዳለ ገባኝ። የወረቀት ኩባያ የምንገዛው ይህን ጥያቄ ላለመመለስ ነው፤ እጥበቱን ስሙን ለማናውቀው ሰው አስተላልፈን፣ በርሜሉ ደጃፍ ላይ ስለቆመ ብቻ ራሳችንን ነጻ እናወጣለን። ለአየር ማረፊያው መንገደኛ መፍትሔ የለኝም፤ እሱ ቸኩሏል። እኛ ግን ከቅዳሴ በኋላ የምንቸኩልበት የለንም። የመጀመሪያውን ወር እኔ አጥባለሁ ብያለሁ፤ ለሁለተኛው ወር ሰው እየፈለግን ነው።