ቆጣሪውን ማን ይቁጠረው?

በመካነ ኢየሱስ ገበያ ጤፍ በዱቤ የወሰደ ሰው ባለ ጤፏን «የዛሬ ስምንት እከፍልሻለሁ» ካላት፣ የምትጠብቀው በሚመጣው ሳምንት በዚያው ዕለት ነው። በመካከሉ የሚያልፉት ሌሊቶች ግን ሰባት ናቸው። ስምንተኛው ከየት መጣ? ዛሬ ተቆጥሮ ነው። ሰውየው ቆሞ የሚናገርበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይጀመራል። ሁለት ሳምንት ሲሆን ደግሞ «የዛሬ አሥራ አምስት» እንላለን፤ አሥራ ስድስት ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስምንትና ስምንት ተደምረው አሥራ አምስት ሆኑ ማለት ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው። መካከል ላይ ያለችው የገበያ ቀን የፊተኛው ስምንት መጨረሻ፣ የኋለኛው ስምንት መጀመሪያ ናትና ሁለት ጊዜ ልትቆጠር አይገባትም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልሁ ቀን ብቻዬን ስቄአለሁ። ፊደል ያልቆጠረች ነጋዴ በየሳምንቱ ሳትሳሳት የምትሠራበትን ነገር እኔ ትምህርት ቤት ዓመታት ቆይቼ እንኳ አላየሁትም ነበር።

የዕለት ተዕለት ሒሳብ ችግር የሚበዛው መደመሩ ወይም ማባዛቱ ላይ አይመስለኝም። ችግሩ አንዷ ላይ ነው፤ ትጨመር ወይስ ትቀነስ የምትባለው አንድ ላይ። አጥር የሚያጥር ገበሬ ያውቃታል። ሃያ ክንድ በሆነ ቀጥ ያለ ድንበር ላይ በየሁለት ክንዱ ቋሚ ቢተክል አሥራ አንድ ቋሚ ይፈልጋል፤ ያው ሃያ ክንድ ክብ ሆኖ ጓሮ ቢዞር ግን አሥር ይበቃዋል። ክብ ጫፍ የለውማ።

ስለዚህች አንድ የሚነገር ተረት አለ። ተራቾች ሁሉ ጉዳዩን የጎረቤት መንደር ሰዎች ላይ ያደርጉታል። አሥራ ሁለት ሰዎች እህል አስፈጭተው ሲመለሱ ጫካ አቋርጠው ይወጡና አንዱ «እስቲ ሁላችንም አለን?» ብሎ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። ሌላው አላመነም፤ እሱም ቆጠረ፤ አሥራ አንድ። ሁሉም በየተራ ቆጠሩ፤ ሁሉም አሥራ አንድ አሉ። ነብር በልቶብናል ብለው ሙሾ ወረዱ። የጠፋው ሰው ደግነቱ፣ ጀግንነቱ፣ ነብሩን ባዶ እጁን መጋፈጡ ሳይቀር ተነገረ። እያለቀሱ መንደር ሲገቡ አንዲት ሕፃን መሬት የተቀመጡትን የዱቄት ስልቻዎች አንድ በአንድ ነክታ አሥራ ሁለት መሆናቸውን ነገረቻቸው።

በዚህ ተረት የምንስቀው በሰዎቹ ስሌት አለማወቅ ነው? ቆጠራቸውን ብንመረምር አንድም ስሕተት አናገኝበትም። እያንዳንዱ በዓይኑ ያየው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ብሎም ተናገረ። አሥራ ሁለቱም በተናጠል ሠርተው አንድ ውጤት ላይ ደረሱ፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የመሰለ ማረጋገጫ አይገኝም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ዓይን ባለቤቱን አያይም። ልጅቱም ከእነሱ የበለጠ ቁጥር አላወቀችም። የሚቆጠረውን ለወጠችው እንጂ። ስልቻው ሲቆጠር የቆጣሪው ስልቻም ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አጣምሮ መመልከት የቁጥር ስም ሳይኖርም ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ በግ አንድ ጠጠር እየጣለ መንጋውን የሚያስገባ እረኛ የሚያደርገው ይኸው ነው። ጌዎርግ ካንቶር በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ የሌላቸውን ብዛቶች እርስ በርስ ያመዛዘነው በዚሁ መንገድ፣ እያጣመረ ነበር። እኔን ግን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሙሾው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰው አለቀሱ፤ እያንዳንዱ ያለቀሰለትም ራሱን ነበር።

አሪስቶትል ስለ ጊዜ ሲጽፍ፣ የምትቆጥር ነፍስ ባትኖር ጊዜ ይኖር ነበር ወይ ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ከእነዚህ መንገደኞች ጥያቄ ጋር ዘመድ ነው። ቆጣሪው ከሚቆጠረው ጋር ነው ወይስ ከውጭ?

እረኞች የሚጠያየቁት የእርግቦቹ እንቆቅልሽ ለዚህ መልስ አለው። ጭልፊት በእርግቦች አጠገብ ሲያልፍ «እናንተ መቶ እርግቦች፣ ጤና ይስጥልኝ» አላቸው። «መቶስ አይደለንም» አሉት፤ «እኛ፣ ሌላም እኛን የሚያህል፣ የእኛ ግማሽ፣ የግማሻችን ግማሽ፣ አንተም ተጨምረህ መቶ እንሆናለን።» ስንት ናቸው? ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ባልታወቀው ቁጥር ምትክ አንድ ፊደል ጽፎ ይጀምራል። በጭንቅላቱ የሚያሰላ ልጅ ግን ልክ አለመሆኑን እያወቀ አንድ ቁጥር ይወስዳል። ግማሽና ሩብ ያለው ትንሹ ቁጥር አራት ነው፤ አራት እርግብ ነበሩ እንበል ይላል። አራት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፤ አሥራ አንድ ሆነ። የሚፈለገው ግን 99 ነው፤ ከመቶው አንዱ ጭልፊቱ ነውና። 99 ውስጥ አሥራ አንድ ዘጠኝ ጊዜ አለ። ስለዚህ አራቱን ዘጠኝ ጊዜ፤ 36 እርግብ። 36፣ 36፣ 18፣ 9 ሲደመሩ 99፤ ጭልፊቱ ሲጨመር መቶ ሞላ።

ይህ ዘዴ የግብፅ ጸሐፍት ከ3,500 ዓመት በፊት በፓፒረስ ላይ ያስቀመጡት ዘዴ ነው። ውበቱ እንዲህ ነው፤ የተሳሳተውን መልስ አይጥለውም፤ ስንት እጥፍ እንደተሳሳተ ለክቶ ያርመዋል። ጭልፊቱን የረሳ ልጅ ግን መቶን ለአሥራ አንድ ሲያካፍል አልካፈል ይለዋል፤ እርግብ መቆራረጥ ግድ ይሆንበታል። ሊበላቸው የሚችለው እንግዳ ከቁጥራቸው ካልገባ እርግቦቹ ሙሉ አይሆኑም። ጠያቂውን መቁጠር የእንቆቅልሹ መፍቻ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ራስን መጨመር ነው? አይደለም። ከጉና ተራራ ማዶ በጋይንት ሁለት ታላላቅ የዜማ ማስመስከሪያ ጉባኤዎች አሉ፤ የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ። እዚህ አገር ስሌትና ዜማ ተለያይተው አይኖሩም፤ ዜማው በዓሉን ይከተላል፣ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30፣ ሁለቱ ዳርቻዎች ተቆጥረው በ35 ቀናት መካከል ትመላለሳለች። ቀኑን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ትውፊቱ ቀመሩን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይናገራል። ለ2018 ዓ.ም. እናስላው። 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከ13 አንዱን «ለዘመኑ» ብለው ይቀንሱታል፤ ወንበሩ 12 ሆነ። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ የተሳሳተ ተማሪ በዚህ ራሱን ያርማል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ የእሑድ ተውሳክ፣ 7 ነው፤ ድምሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ልጁን ሊድር የሚደግስ አባት ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾሙ መግቢያ ስንት ቀን እንዳለው የሚያውቀው ከዚህ ነው። ጾሙ አንዳንድ ዓመት የካቲት 1 ይገባል፤ አንዳንድ ዓመት እስከ መጋቢት 5 ይዘገያል፤ ጌሾውም ብቅሉም የሚዘጋጀው ይህን አይቶ ነው።

ለዘመኑ የተቀነሰችው አንድ ምንድን ናት? ያለንበት ዓመት ናት፤ ገና አልተፈጸመምና። የዛሬ ስምንት ሲባል ያለንበት ቀን ይቆጠራል፤ በባሕረ ሐሳብ ያለንበት ዓመት ይቀነሳል። ሁለቱ የሚጣሉ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አይጣሉም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ 365 ነው፤ 11 ቀን ልዩነት አለ፤ አበቅቴ የሚቆጥረው የዚህን ልዩነት ክምችት ነው። ያልተፈጸመ ዓመት ልዩነቱን ገና አላከማቸም፤ ከአውድማ ያልገባ እህል በጎተራ አይሰፈርም። ቀጠሮ ግን የሚፈልገው ክምችት ሳይሆን ቀኖቹን በየስማቸው መጥራት ነው፤ ዛሬም ስም አለው። አማርኛችን ይህን ልዩነት ለልጅ ዕድሜ እንኳ ጠብቆታል፤ «ዘጠኝ ሞልቶት አሥር ይዟል» ይላል። የሞላው ይቆጠራል፤ የተያዘው ደግሞ አለመሙላቱ ሳይካድ ይነገራል። በ2006 ዓ.ም. ትራፊዋ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም ለዘመኑ ስትቀነስ ምንም አልቀረም። በግእዝ አኃዝ ለዚህ ምልክት የለም፤ ስም ግን አለው፤ አልቦ። ያለንበት ዓመት ብቻ ሲቀር ክምችቱ ባዶ ነው፤ የሚኖርበት ሰው ግን አለ።

መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ባለ ጤፏ እየሰፈረች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ጣሳው በደንብ ሞልቶ፣ አናቱ ተቆልሎ። ስድስት ስትል ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ እታለም» ትላታለች። ያን ጊዜ ነጋዴዋ በእፍኟ ታፍስና ምራቂውን ከአቁማዳው አፍ ትጥላለች። ሰባት አትልም። ስድስት እንደሆነ ሒሳቡን ይተሳሰባሉ፤ ገዢዋም አቁማዳውን አስራ ታነሣለች።