በእሳት የተሠራ ዕንቍ ሐሰት ነውን?

ባለፈው በዓል አንዲት ጓደኛችን ሰማያዊ ዶቃ በአንገቷ አጥልቃ መጣች። እኔም በሰው ፊት «ይኼ እኮ ብርጭቆ ነው» አልኋት። እርሷም ቀና ብላ «ዕንቍ ነው ብዬሃለሁ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቤ ይመላለሳል፤ አስመስሎ የተሠራ ነገር ሁሉ ሐሰት ነውን?

በዚህ ነገር የጥንት ግብጻውያን የሚያስተምሩን አለ። እነርሱ ላፒስ ላዙሊ የተባለውን ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ እጅግ ይወዱት ነበር። ድንጋዩ ግን የሚመጣው ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ተራሮች ስለ ነበር ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 ዓመት ገደማ ጀምሮ ባለሙያዎቻቸው የተፈጨ ነጭ ድንጋይና የዕፀዋት አመድ በእሳት እያቀለጡ፥ በመዳብ ወይም በኮባልት ሰማያዊ ቀለም እየሰጡ ብርጭቆ ሠሩ። የቀለጠውንም በቀጭን ዘንግ ላይ እየጠመጠሙ ዶቃ ያወጡ ነበር።

«ታዲያ ይህ ማታለል አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በጽሑፎቻቸው ሁለቱን ለይተው ይጠሩ ነበር፤ ከተራራ የመጣውን «እውነተኛ»፥ በእጅ የወጣውን «የተሠራ» ይሉት ነበር። ሥራው ዕንቍን ቢመስልም ስሙ አልዋሸም።

ደግሞም ብርጭቆው የድኻ ማጽናኛ ብቻ አልነበረም። መቃብሩ በ1922 እ.ኤ.አ. የተገኘውን የንጉሥ ቱታንክአሙንን የወርቅ ጭምብል እንመልከት። ቅንድቡና የዓይኑ ዙሪያ ላፒስ ላዙሊ ነው፤ የራስ መሸፈኛው ሰማያዊ መስመሮች ግን ብርጭቆ ናቸው። በአንድ የንጉሥ መልክ ላይ ሁለቱም በክብር ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ሐሰት የሚገኘው ከዕቃው ሳይሆን ስለ ዕቃው ከምንናገረው ቃል ነው። የተሠራውን «እውነተኛ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር በደሉ የነጋዴው እንጂ የዶቃው አይደለም። ብርጭቆውን ብርጭቆ ብሎ የሚያጌጥበት ሰው ግን ማንንም አላታለለም።

ጓደኛችን ያደረገችው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ለእውነት የተቆረቆርሁ መስዬ እኅቴን በሰው ፊት አዋረድሁ። በዚያ ቀን አስመሳዩ ዶቃው አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ወንድሞችና እኅቶች፥ የሰውን ጌጥ ከመመርመራችን በፊት የገዛ ቃላችን ከምን እንደ ተሠራ እንመርምር።