ካርታውን ማን ይያዘው?

በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ የሚባል እጅግ የተጨናነቀ የድሆች ሰፈር አለ። ቀድሞ በብሪታንያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ኑቢያውያን ሙስሊሞች የሰፈሩበት መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። ይሁንና እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር በኮምፒውተር ካርታዎች ላይ ባዶ ቦታ መስሎ ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት የሰፈሩ ወጣቶች የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ይዘው በየጉራንጉሩ እየዞሩ ቦኖውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን መዘገቡ። ማንም በነፃ በሚጠቀምበት «ኦፕን ስትሪት ማፕ» በተሰኘው የዓለም ካርታ ላይም አሰፈሩት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ክሊኒክ ሊሠራ የተነሳ ወገን የትኛው መንደር ከሕክምና እንደራቀ ሳያውቅ ገንዘቡን ቢያፈስ፣ ላለው ይደረብለታል፤ የሌለው እንደሌለው ይቀራል። በካርታ ላይ የሌለን ሰፈር በጀት የሚመድብም አያስታውሰውም።

ታዲያ ሁሉን ነገር በካርታ ላይ ማስፈር መልካም ነውን? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 ናዚ ጀርመን ሆላንድን ይዛ በነበረበት ወቅት፣ የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት በወራሪው ትዕዛዝ አንድ ካርታ አዘጋጀ። በካርታው ላይ እያንዳንዷ ነጥብ አሥር አይሁዶችን ትወክል ነበር። በቀጣዩ ዓመት እነዚያን ሰዎች ወደ ሞት ካምፖች ማጋዝ ተጀመረ። ነጥቦቹን ያስቀመጡት ሠራተኞች ምናልባት የዘወትር የቢሮ ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸው ይሆናል።

ውድ አንባቢያን! የሁለቱ ካርታዎች ልዩነት ከመሣሪያው አይደለም። በኪቤራ የተመዘገበው አገልግሎቱ ነው፤ መዝጋቢዎቹም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በአምስተርዳም ግን የተመዘገበው ሰው ነው፤ ካርታውም የተሠራው ለጠላቱ ነው።

«የችግረኛው ቤት ካልታወቀ እርዳታው እንዴት ይደርሰዋል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴም፣ ለሚያደርሰው ይታወቅ፤ ለተመልካች ሁሉ አይገለጥ የሚል ነው። ስውር ሰደቃ የተወደደው የተቀባዩን ክብር ስለሚጠብቅ ጭምር አይደለምን? ዘካ የሚያከፋፍሉ ጀመዓዎችም ሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የየቲሞችን፣ የሕሙማንንና የአቅመ ደካሞችን መኖሪያ በስልካቸው ሲመዘግቡ የያዙት አማና ነው። አማና ደግሞ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ለሌላ አይሰጥም፤ ጉዳዩ ሲያበቃም እጅ ላይ አይቆይም።

እንግዲህ ቦኖውና ክሊኒኩ ለሁሉም ይታይ፤ የሰው ገበና ግን ይሸፈን። ካርታ የሚያዘጋጅ ሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ የእናቴ ቤት በዚህ ካርታ ላይ «ችግረኛ» ተብሎ ነጥብ ቢደረግበት እፈቅዳለሁን?