ስለ መታገሥ፤ ሐብባርና ማካው

አንባቢ ሆይ፤ መታገሥ ሁሉ የሚመሰገን ነውን? ስለዚህ ጥያቄ ሁለት ፍጥረቶችን አስተያይልህ ዘንድ ወደድሁ። አንደኛው በባሕር ውስጥ የሚኖር፥ ከሚረጨው ጥቍር ቀለም የተነሣ ዐረቦች ሐብባር የሚሉት እንስሳ ነው። ሁለተኛው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ማካው የተባለው ትልቅ በቀቀን ነው። ጃሒዝ በ9ኛው ምእተ ዓመት ስለ እንስሳት ሰፊ መጽሐፍ ሲጽፍ ይህን ወፍ አላወቀውም፤ አገሩ ገና ከማይታወቅ ባሕር ማዶ ነበረና።

ሐብባር ሦስት ልብ አለው፤ ዕድሜው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያህል ነው። እናቱ እንቍላል ከጣለች በኋላ ብዙ ሳትቈይ ትሞታለች፤ ስለዚህም የሚያስተምረው ወላጅ የለውም። ማካው ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ጫጩቱም በወላጆቹ ጥበቃ ለወራት ያድጋል። እንዲህ ተራርቀው ሳሉ በአንድ ነገር ተገናኙ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የታተመ ምርመራ እንደ ገለጠው፥ ሐብባር በፊቱ የቀረበለትን ምግብ ትቶ፥ አብልጦ የሚወደውን ሕያው ሽሪምፕ ለማግኘት እስከ 130 ሴኮንድ ድረስ ጠበቀ። የሚወደው ምግብ ከቶ የማይደረስበት በሆነ ጊዜ ግን ሳይዘገይ የቀረበለትን በላ። በ2018 በታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ፥ ማካዎች የቀረበላቸውን ምግብ ትተው፥ የተሻለ ምግብ የሚለወጥበትን ምልክት መረጡ። ነጋዴ ሆይ፤ ይህ ያንተው ሥራ አይደለምን?

«እንግዲያስ እኔ ዋጋው እስኪወደድ ድረስ ጎተራዬን ዘግቼ ሦስት ወር የቈየሁት ከእነዚህ ይልቅ ታጋሽ ነኝ» ብትል፥ እኔም እንዲህ እላለሁ፦ ሐብባር በጠበቀ ጊዜ የዘገየው የራሱ ሆድ ነው። ማካውም ምልክቱን ሲመርጥ ያጣው የራሱን ጉርሻ ነው። አንተ ስትጠብቅ ግን ማዕድህ አልጎደለም፤ የጎደለው የጎረቤትህ ሌማት ነው። ስለዚህ ታገሠ የሚባለው ማን ነው? ባዶ ቍናዋን ይዛ ከደጅህ የተመለሰች፥ ልጆቿንም «እስከ ነገ» ብላ ያስተኛች እናት ናት እንጂ አንተ አይደለህም። እንስሳው በዚህ አይጠየቅም፤ የሌላውን ረኀብ ያውቅ ዘንድ አልታዘዘምና። አንተ ግን ሴቲቱን በስሟ ታውቃታለህ።

ነገሩንም ከልኩ አላሳልፍም። ለቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብ ያኖረ ሰው፥ ለዘር የሚሆነውን የለየ ገበሬ፥ መንገድ ተበላሽቶበት ዕቃው የዘገየበት ነጋዴ ከዚህ ወቀሳ ውጭ ናቸው። እኔ የምናገረው እህሉ ሞልቶ ተርፎት፥ ገዢው ገንዘቡን ይዞ በደጁ ቆሞ ሳለ፥ «አልቋል» ብሎ ስለሚመልሰው ነው።