ወረቀት ያዳነው ምስማር

እ.ኤ.አ. በ1761 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ከውኃ በታች ያለ አካሏን በስስ የመዳብ ላሜራ አለበሳት። በሞቃታማው የካሪቢያን ባሕር የመርከብ ጣውላ ቦርቡሮ ወንፊት የሚያደርገውን ትል ለመከላከል ነበር። መርከቧ እዚያ ደርሳ ስትመለስ፣ በ1763 ተመረመረች። ትሉ መዳቡን አልደፈረውም። ላሜራው ግን በየቦታው ተነቃቅሏል፤ የያዙት የብረት ምስማሮች በዝገት አልቀው ነበር።

የሚገርመው ጥቂቶቹ ደኅና መገኘታቸው ነው። ቀረብ ተብሎ ሲታይ በእነሱና በመዳቡ መካከል ቡናማ ወረቀት አለ። ላሜራው ተጠቅልሎ የመጣበት ወረቀት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሳይላጥ ቀርቶ አብሮ ተመትቷል።

ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካኩ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይተርፋል። የሚበላው ትንሽ፣ የሚተርፈው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል። ሰፊ መዳብ ላይ ትንሽ የብረት ምስማር ማለት ይኸው ነው። ባሕር ኃይሉ ግን ምርመራው በእጁ እያለ ብዙ መርከቦችን መዳብ አልብሶ፣ የብረት ብሎኖቻቸው ሲበሉበት በ1780ዎቹ በመዳብ ቅይጥ ለመተካት ተገደደ። ውድ ትምህርት ነው።

ዛሬ የጀልባውን መሪ የሚጠግን ሰው «የማይዝግ ብሎን ስጡኝ» ብሎ ሱቅ ሲገባ ግማሹን ጥያቄ ረስቶታል። ብሎኑ ከምን ጋር ነው የሚነካካው? ውኃስ ይተኛበታል? ከውኃ በላይ ላለው ክፍል ራሱ ላይ «ኤ4» የሚል ምልክት ያለው፣ ማለትም 316 የሚባለው ስቲንለስ ስቲል ይሻላል፤ ሞሊብዲነም ስላለበት «ኤ2» ከሚባለው ይልቅ ጨውን ይቋቋማል። የመሪው ማቆሚያ አሉሚኒየም ከሆነ ግን በዚህ ብሎን ዙሪያ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላና መከላከያ ቅባት ይግባ። የዘመናችን ቡናማ ወረቀት ይኸው ነው።

ከውኃ በታች ነገሩ ይለያል። ስቲንለስ ስቲል ራሱን ከዝገት የሚጠብቀው በኦክስጅን ነው፤ በረጠበ እንጨት ውስጥ ታፍኖ ከተቀመጠ ራሱና ዳዶው እያብለጨለጩ ወገቡ ተቦርቡሮ ይቀጥናል። የመሪው ማንጠልጠያ ነሐስ ከሆነ ብሎኑም ነሐስ ይሁን፣ በተለይ ሲሊኮን ያለበት። ተራውን ናስ ግን ተዉት፤ ዚንኩ ታጥቦ ሲወጣ የሚቀረው ቀይ፣ ስፖንጅ መሳይና ተሰባሪ ነው። ነሐስ ከስቲንለስ ስቲል ሊደክም ስለሚችልም የብሎኑ ውፍረት እንደገና ይታሰብ።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ወገቡን እዩት።