ስለ ዕረፍት ጉዞ

በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋልና፣ በአዋሽና በሰመራ ያሉ አባወራዎች ልጆቻቸውን ይዘው ጥቂት ለማረፍ ያስባሉ። ከእነርሱም አንድ የሰመራ ሰው፣ ከቤተ ሰቡ ጋራ በጅቡቲ መንገድ ወርዶ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳለችው ወደ ሙሻ ደሴት ለመሻገር ማሰቡን ነግሮን፣ «ይህ ኀጢአት ይሆንብኛልን?» ሲል ጠየቀን።

እኛም «ዕረፍትስ ኀጢአት አይደለም» አልነው። ሐዋርያት ደክመው በተመለሱ ጊዜ ጌታችን ለብቻቸው ሊያሳርፋቸው እንደ ወደደ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናልና። ነገር ግን በታንኳ ተሻግረው ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሟቸው ቢገኝ፣ ራራለት፤ አስተማረው፤ መገበውም እንጂ «ዕረፍታችንን ከለከልኸን» ብሎ አልመለሰውም።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር ጠየቅነው። ቀኑ መቼ ነው ብንለው «ነሐሴ መባቻ» አለ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ግን ጾመ ፍልሰታ ነው። ገንዘቡ ከየት ነው ብንለው «እኩሌታው ብድር ነው» አለ። በአዋሽ ያሉትን አሮጊት እናትህን ማን ይጠይቃቸዋል ብንለው ግን ዝም አለ።

የአዋሽን ወንዝ ተመልከቱ፤ ከደጋ ተነሥቶ የአፋርን ምድር እያጠጣ ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያርፋል። ባሕር ባይደርስም ድካሙ ከንቱ አይደለም፤ በመንገዱ ያለውን ሁሉ አጠጥቷልና።

እንግዲህ ጉዞው ከጾሙ በኋላ፣ በብድር ሳይሆን በእጅ ባለው፣ እናትንም ሳይረሱ ይሁን። ደሴቲቱ ዘንድሮ ባትደረስ እንኳ፣ ከልጆች ጋራ በእናት ቤት መሰንበትም ዕረፍት ነው። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና፤ አሜን።